ውኃ የማይሰጠውን ፓምፕ «ይሠራል» ብዬ ልጻፍ?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

የአንድ የበጎ አገልግሎት ክለብ አባል ነኝ። ክለባችን ትንሽ ቢሆንም በብዙ አገሮች የሚገኝ ትልቅ ማኅበር አካል ነው። ዘንድሮ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ የክለቡን ወርሃዊ ዜና አዘጋጃለሁ፣ የሠራነውን ለዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን ክለቦች ለሚያስተባብረው የማኅበሩ አካል፣ ሪፖርት አደርጋለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ለአንድ ትምህርት ቤት የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ሁላችንም ደክመናል። በርክክቡ ቀን ሪባን ተቆረጠ፣ ልጆቹ ዘመሩ፣ ፎቶ ተነሣን። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፍ ደስታው አስለቅሶኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለዓመቱ ማጠቃለያ ተጨማሪ ፎቶ ላነሣ ብቻዬን ሄድኩ። የፓምፑ እጀታ በገመድ ታስሯል። ልጆቹ እንደ ድሮው ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ርዕሰ መምህሯን ሳገኛቸው «ከተበላሸ ቆየ እኮ፤ ለእናንተ ሰው ነግረን ነበር» አሉኝ። አፈርኩ። ካሜራዬን ሳላወጣ ተመለስኩ።

ለክለባችን ፕሬዚዳንት ነገርኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ወደ ክለቡ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ማንንም በማላውቅበት ጊዜ እንደ ልጃቸው ነው ያቀረቡኝ። ስነግራቸው ደነገጡ። ግን ወዲያው «እሱ ይስተካከላል፤ ሪፖርቱ ላይ አታስገቢው» አሉ። ዲስትሪክቱ በዓመቱ መጨረሻ ምርጥ ፕሮጀክት ይሸልማል፤ ማመልከቻውን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። «ጉድጓዱ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቹ ንጹሕ ውኃ እየሰጠ ነው» ብዬ እንድጽፍ ይፈልጋሉ። አልችልም ስላቸው «ክለቡን ልታዋርጂው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። አንዲት ጓደኛዬን ባማክራት «ማን ሄዶ ያያል ብለሽ ነው? ጻፊውና ተገላገዪ» አለችኝ።

ብጽፈው መዋሸቴ ነው። ባልጽፈው እንደ አባት የያዙኝን ሰው ላሳፍር ነው። ክለቡን ጥዬ ልውጣ ወይ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ብዕር የከበዳት ጸሐፊ

*

እህቴ፣ ፓምፑን አንቺ አላበላሸሽውም። «ነግረን ነበር» የተባለው ሰውም አንቺ አይደለሽም። ግን ርዕሰ መምህሯ ፊት ቆመሽ ያፈርሽው አንቺ ነሽ። ለምን ይመስልሻል? እኔ እንደገባኝ፣ ለዚያ ትምህርት ቤት ቃል የገባው ክለቡ ብቻ አይደለም፤ ያንን ደስታ የጻፍሽው አንቺም ቃል እንደገባሽ ቆጥረሽዋል። ይህን ስሜት አትናቂው፣ «ምን አገባኝ» ብለሽም አታዳፍኚው። ክለብሽ እንዲህ የምታስብ ጸሐፊ ማግኘቱ ዕድለኛ ነው።

ስለ ጋሼ የጻፍሽውን ሳነብ ክፉ ሰው አልታየኝም። አስቀድመው መደንገጣቸውን አንቺው ነግረሽናል። ምን ያስፈራቸው ይመስልሻል? ሽልማቱ ቀርቶባቸው ነው? ወይስ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ፊት መቆሙ? ወይስ የእሳቸው ዓመት በተበላሸ ፓምፕ እንዳይታወስ?

ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። በእነዚህ ክለቦች ውስጥ ፕሬዚዳንትነት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ከእንዲህ ያሉ የበጎ አገልግሎት ማኅበራት መካከል በሮታሪም በላየንስም ዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ይጀምርና ጁን 30 ያልቃል። አንድ ሰው ዕቅድ አውጥቶ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ሥራ አስጀምሮ፣ አስመርቆ ወንበሩን ለሌላ ያስረክባል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ሪባን የተቆረጠበት ቀን የሥራው ማለቂያ ይመስላል። ትምህርት ቤቱ ግን በዚያ ቀን ገና መጠቀም መጀመሩ ነው። ጋሼ የገቡበት ችግር የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ክለብ እዚህ ላይ ይወድቃል። ይህን አውቀሽ ብታነጋግሪያቸው ንግግርሽ ለስለስ ይላል።

ያም ሆኖ ያንን ዓረፍተ ነገር አትጻፊው። እዚህ ላይ ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። «እስከ ዛሬ ውኃ እየሰጠ ነው» የሚለው ሐሰት ነው፤ አንቺ በዓይንሽ አይተሻል። የትኛው ማኅበር ውስጥ እንዳለሽ አልጠቀስሽም፣ ደግ አድርገሻል። ሮታሪ ከሆነ ግን በየስብሰባው የሚነበቡትን አራት ጥያቄዎች ታውቂያቸዋለሽ። ኸርበርት ቴይለር የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1932 ሊከስር የደረሰ ድርጅት ለማዳን ያወጣቸው ናቸው። የመጀመሪያው «እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። ይህን የምጠቅሰው ጋሼን እንድትወቅሺበት አይደለም። በሰው ፊት ብታነቢባቸው ይቆጣሉ እንጂ አይመለሱም። ለራስሽ ያዢው። ባልጻፍሽ ጊዜ ማኅበሩን ከዳሁት ብለሽ እንዳትጨነቂ ነው።

ጓደኛሽ «ማን ሄዶ ያያል?» ብላሻለች። ልጆቹ በየቀኑ ያያሉ። ርዕሰ መምህሯም ያያሉ። አንድ ቀን የሽልማቱ ዜና እጃቸው ቢገባ፣ ቀጥሎ የሚመጣን ማንኛውንም በጎ አድራጊ በምን ዓይን እንደሚያዩት አስቢው። ለነገሩ ጓደኛሽ ይህን ያለችው አንቺን ከጭንቀት ለማውጣት ይመስለኛል። አትቀየሚያት።

ክለቦች በጣም የሚሳሳቱበት ስለሚመስለኝ አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። መጥፎ ዜና መናገር ክለብን ያዋርዳል ብለን እናስባለን፤ የፖሊዮ ዘመቻ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ከእነዚህ ማኅበራት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የፖሊዮ ዘመቻ ነው ቢባል የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። ሮታሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎችም ገብተውበት ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲሆን፣ በዓመት 350,000 ያህል ሰዎች በበሽታው ሽባ ይሆኑ እንደነበር ይገመታል። አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ግቡ በ2000 በሽታውን ማጥፋት ነበር። 2000 መጥቶ አለፈ፤ በሽታው አልጠፋም። አልተሳካም ተብሎ በግልጽ ተነገረ፤ አባላቱም ማዋጣታቸውን አላቆሙም። በ2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ፣ ማለትም በተፈጥሮ ከሚገኘው የበሽታው ቫይረስ፣ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ትልቅ ደስታ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ ግን ማላዊ ውስጥ አንዲት ሕፃን ላይ ቫይረሱ ተገኘ። አንድ ሰው «ደስታችንን አናበላሽ፤ ዝም እንበል» ቢል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ዝም አልተባለም። በይፋ ተነገረ፤ በማላዊና በጎረቤቶቿ ሕፃናትን መከተብ ተጀመረ። በዚያ ሥራ ውስጥ የአንዲት ልጅ መታመም የሚደበቅ ዜና አይደለም። ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለበት ለሠራተኛው የሚነግረው እሱ ነው።

የአንቺም ዜና እንዲሁ ነው። «ፓምፑ ቆሟል» የሚለው ወሬ ለክለቡ የሚያስፈልገው ወሬ ነው፤ ማንም ካልተናገረው ማንም አይጠግነውም።

አሁን ወደ ፓምፑ እንሂድ፤ ምናልባት ነገሩ አንቺም ጋሼም ከፈራችሁት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእጅ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ትንንሽ ዕቃ ሲያልቅ ነው። ውስጡ ውኃውን ገፍቶ የሚያወጣው ክፍል የጎማ ማሸጊያ አለው። ጎማው በሥራ ብዛት ይበላል፤ በየጊዜውም መቀየር አለበት። ሲበላ እጀታው ይንቀሳቀሳል፣ ውኃው ግን አይወጣም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ጎማው የሚቀየርበት ገንዘብ ማን ጋ ነው ያለው? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ፈትቶ መግጠም የሚችል ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሠልጥኗል ወይ? ሲበላሽ ለማን እንደሚነገር የተጻፈ ነገር አለ? ለእነዚህ መልስ ሳይዝ የተረከበ ፓምፕ መቼም ይሁን መቼ መቆሙ አይቀርም። በእርግጥ ችግሩ ከዚህም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱ ደርቆ ወይም ቧንቧው ተሰብሮ እንደሆነ ባለሙያ ካላየው አይታወቅም። ስለዚህ ከሪፖርቱ በፊት ምን እንደተበላሸ እወቂ።

እኔ ብሆን በዚህ ሳምንት ለርዕሰ መምህሯ እደውል ነበር። መቼ እንደቆመ፣ ሲቆም ምን ምልክት እንዳሳየ፣ የሞከረው ሰው ካለ ምን እንዳለ ጠይቂያቸው። «ለእናንተ ሰው ነግረን ነበር» ያሉትን ሰው ማንነት ግን አታሳድጂው። ማን እንደሆነ ብታውቂ ወሬው ወደ ጥፋተኛ ፍለጋ ይዞርና ፓምፑ ይረሳል። ከዚያ ፓምፑን የገጠመውን ባለሙያ ወይም ድርጅት አግኝተሽ ለጥገናው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግምት ተቀበዪ። ጉድጓዱ ተከፍቶ ከተጠገነ በኋላ ልጆቹ ከመጠጣታቸው በፊት ውኃው በክሎሪን መታከምና መመርመር እንዳለበትም አስታውሺው። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ይህን ይዘሽ ጋሼን ለብቻቸው አግኚያቸው። በስልክ መልእክት አይሁን፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ በፍጹም። ሰው በሰው ፊት ከተነካ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ልክ መሆንሽን ቢያውቁም አይመለሱም። የሚመለሱበት መንገድ ልትተዪላቸው ይገባል። በራስሽ አነጋገር እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ እኔን ወደዚህ ቤት ያመጡኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ላይ ነገር እንዲመጣ አልፈልግም። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን በእጄ ልጽፈው አልችልም። ለጥገናው የሚያስፈልገውን አጣርቼ መጥቻለሁ። ዓመትዎ ሳያልቅ ብናስጠግነው ዜናውን በደስታ እጽፈዋለሁ።» ከዚያ ዝም በይና አድምጪያቸው። መጀመሪያ ሊቆጡ ይችላሉ። ተቆጡ ማለት ግን አንቺን ጠሉ ማለት አይደለም።

ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። ሊላክ የሚችል ረቂቅ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ምሳሌ ልስጥሽ፦ «ክለባችን ያስቆፈረው ጉድጓድ ለተማሪዎቹ ውኃ ሲሰጥ ቆይቶ ፓምፑ ተበላሽቷል። ብልሽቱን ባደረግነው ክትትል አውቀናል። ጥገናውን እያስፈጸምን ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር የጥገና ኮሚቴ ለማቋቋምም ተነጋግረናል።» ይህን ስታነቢው ክለቡ የተዋረደ ይመስልሻል? እኔ የዲስትሪክቱ ሰው ብሆን እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚልክን ክለብ ይበልጥ አምነው ነበር። በየቀኑ የሪባን ፎቶ ይደርሳቸዋል፤ ተመልሶ ሄዶ ያየ ክለብ ግን ጥቂት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፤ ረቂቁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር በትክክል የተጀመረ ይሁን። ያልተጀመረ ጥገና «እያስፈጸምን ነው» ብትዪ ወደዚያው ችግር ተመለስሽ ማለት ነው።

ስለ ፎቶው ደግሞ፣ የልጆቹን መዝሙርና የርክክቡን ቀን ፎቶ መጣል የለብሽም። ያ ቀን እውነት ነበር። ከሥሩ «በርክክቡ ዕለት» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት። ሐሰት የሚሆነው ያንን ፎቶ የዛሬ ማስረጃ አድርገሽ ስታቀርቢው ነው።

ጋሼን ከማግኘትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፤ የጉድጓዱ ገንዘብ ከየት መጣ? ከአባላቱ ኪስ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የክለቡ የውስጥ ጉዳይ ነው። ከሌላ አገር ክለብ ወይም ከማኅበሩ ፋውንዴሽን ድጎማ ካለበት ግን ነገሩ ከክብር ያልፋል። ለምሳሌ የሮታሪ ፋውንዴሽን ለትልልቅ ድጎማዎች ቢያንስ በየ12 ወሩ የሂደት ሪፖርት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ በ2 ወር ውስጥ የመጨረሻ ሪፖርት ይጠይቃል። ሪፖርቱን በአግባቡ ያላስገባ ክለብ ለቀጣዩ ድጎማ ይቸገራል። የጻፍሽው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ክለቡ ነው፤ በፕሬዚዳንትነት የፈረሙት ጋሼም ናቸው። ይህን በማስፈራሪያ መልክ አትንገሪያቸው። እሳቸውን ከምን እየጠበቅሻቸው እንደሆነ እንዲያዩት በእርጋታ አስረጂያቸው።

እምቢ ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ሽልማቱን ለዘንድሮ መተው ወይም ሌላ የሠራችሁትን ሥራ ማቅረብ እንደሚቻል አንሺላቸው። እሱንም ካልተቀበሉ፣ «እኔ አልጽፈውም፤ ግን የፓምፑን ጉዳይ በቀጣዩ የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ አስገባለሁ» በያቸው፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ድንገት አትምጪባቸው። አጀንዳ የሚያዘጋጀው ጸሐፊ አይደል? ስታቀርቢው «ተዋሽቷል» በሚል አትክፈቺው። «ፓምፑ ቆሟል፤ እንዴት እንጠግነው?» ብለሽ ጀምሪ። ስለ ጥገና የተሰበሰበ ቦርድ ውስጥ «ይሠራል ብለን እንጻፍ» ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙም አይኖርም። ቦርዱ ሳይሰማው ግን ለዲስትሪክቱ አትጻፊ፤ የአባላቱ የስልክ ግሩፕ ላይም አትልቀቂው። እዚያ ከገባ ወሬው ከእጅሽ ይወጣል፤ ጋሼም ራሳቸውን ከመከላከል ሌላ ምርጫ አይኖራቸውም።

ቀጣዩን ፕሬዚዳንትም አትርሺያቸው። ተመራጩ አሁን እየተዘጋጁ ነው፤ ይህ ፓምፕ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእሳቸው ይሆናል። ጋሼ ከፈቀዱ ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀምጪያቸውና ጥገናው የርክክቡ አካል ይሁን። ምናልባት ለጋሼ የሚቀልላቸው ይህ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ብቻቸውን አይሸከሙትም።

ክለቡን ጥዬ ልውጣ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ሆድ ብሶሽ የወሰንሽው ውሳኔ ነገ ሊቆጭሽ ይችላል። ይልቅ አንድ ጥያቄ ልተውልሽ። ብትወጪ የምትገላገዪው ከምንድን ነው? ከክለቡ ነው ወይስ ከዚህ አንድ ንግግር? መልስሽ «ከንግግሩ» ከሆነ ንግግሩን አድርጊና ከዚያ በኋላ ራስሽን እንደገና ጠይቂ። ቦርዱም ሰምቶ፣ ሁሉም አውቆ፣ ሐሰቱ ይላክ ከተባለ ግን ያኔ ስምሽን ከዚያ ወረቀት ላይ ማንሣት መብትሽ ነው። በጎ ሥራ የሚሠራበት ቤት ያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ክለብም አለ።

ጋሼ ጋ ያለሽ ነገር እንዲበላሽ አልመኝልሽም፤ የሚበላሽም አይመስለኝም። ለአንዳንድ ሰው ሰላምታው የሚቀዘቅዘው ሲናደድ ሳይሆን ሲያፍር ነው። ስለዚህ ቀድመሽ ሰላም በያቸው፤ እስከዚያ ቀን አትሽሺያቸው።

ለርዕሰ መምህሯ ስትደውዪ በይቅርታ ጀምሪ። መልስ ይዘሽ የምትመለሺበትን ቀን ንገሪያቸው፤ ጥገናው ባይጀመር እንኳ በዚያ ቀን ደውዪላቸው። ከሁለቱም ንግግሮች በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ።